የእናት ወገን

«የእናት ወገን ማለት እኮ የሰው ቤት ነው። አዝናለሁ፤ ግን ምን ላድርግህ? ዛሬ ሥራህን ጨርስና ማታ ለቅሶው ዘንድ ሄደህ ለአያትህ ስገድላት። ነገ ጠዋት ግን ማሽንህ ፊት እንዳገኝህ።»

ታክ ያንግሚ ይህን የሰማችው ቻንግዎን ባለው ፋብሪካ፣ በብረት መጭመቂያው ክፍል በር በኩል ወደ ቢሮዋ ስታልፍ ነው። ተናጋሪው የክፍሉ አለቃ ኩክ ነበር። ኩክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ ግን ሐዘን ሲገልጽም ምሳ ሲጋብዝም እኩል ይጮኻል። ፊቱ የቆመው ኦክ ሚንቴ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ሠራተኛ ከላይ የፋብሪካውን ግራጫ ጃኬት፣ ከታች ጥቁር የሐዘን ሱሪ ለብሷል። ሱሪው የኪራይ መሆኑ ከማጠሩ ያስታውቃል። አንገቱን ደፍቶ «እሺ አለቃ» አለ። ያንግሚ ቆም አላለችም። የሰው ጭውውት ቆሞ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ደግሞም ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለች። በዚህ ፋብሪካ ሰው ለሞተበት ሁሉ የሚደወለው ወደ እሷ ነው።

እሷ ራሷ ከቤቷ የወጣችው የሌላ ሟች ጉዳይ ጆሮዋ ላይ እየጮኸባት ነበር። ዛሬ የባሏ አያት ሙት ዓመት ነው። ሰውየው ያረፉት ያንግሚ ከመወለዷ በፊት ነው፤ በፎቶግራፍ እንኳ አይታቸው አታውቅም። ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ግን በየኅዳሩ ዓሣ ስትጠብስላቸው፣ ዱባ በእንቁላል እየነከረች ስትጠብስላቸው፣ ሩዛቸውን በጎድጓዳው ከምራ ስታቀርብላቸው ኖራለች። አማቷ ትናንት ከገበያ ሦስት ዓሣ በሠላሳ ስምንት ሺህ ዎን ገዝተው መጡና «ዓሣ ደግሞ ወርቅ መብላት ጀመረ እንዴ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ አመሹ። ጠዋት በር ላይ ጫማዋን ስታደርግ «የሶል እናት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ካሳለፍሽ አንደርስም» አሏት። ሶል ልጇ ናት፤ አማቷ ያንግሚን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ባሏ የቲማቲም ጭማቂውን እየጠጣ ስልኩን ያይ ነበር። የሙት ዓመቱ የእሱ አያት መሆኑን ማንም አላስታወሰውም፤ ማስታወስ የሚጠበቅበትም ሰው አልነበረም። ያንግሚ ከሰዓት በኋላ ያለውን ግማሽ ቀን ከዓመት ፈቃዷ ላይ አስቀንሳ ነበር የመጣችው።

ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ የፋብሪካው ግቢ ይታያል፤ ከጀርባዋ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች አሉ። በየካርቶኑ ውስጥ የወረቀት ጎድጓዳ ሳህን፣ የወረቀት ኩባያ፣ ማንኪያና የጠረጴዛ ላስቲክ አለ፤ ሁሉም ላይ የድርጅቱ ስም በሰማያዊ ታትሟል። ሐዘን ለገባበት ሠራተኛ አንድ ካርቶን፣ አንድ የቆመ የአበባ ጉንጉንና የሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ለቅሶ የመጣ ሰው ሾርባውን በማን ስም በታተመ ሳህን እንደበላ ልብ ይላል፤ ሐዘንተኛውም ምን ያህል ሰው እንደሆነ በዚያው ይለካል። በየሰኞው ጠዋት ዋና ሥራ አስኪያጁ ባንግ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ አሰልፈው «ድርጅት ቤተሰብ ነው፤ አለቃህ ታላቅ ወንድምህ ነው» ይላሉ። የዚህ ቤተሰብ ዝምድና እስከ የት እንደሚደርስ ግን የሚታወቀው በያንግሚ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሰው ሲሞት ተከፍቶ ከሚሞላው ቅጽ ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ፤ ከዚያ አንዱ ይመረጣል። አባት፣ እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የአባት አባት፣ የአባት እናት፣ የትዳር ጓደኛ አባት፣ የትዳር ጓደኛ እናት። እዚያ ላይ ያበቃል። የእናት እናት የለችም። ተረስታ አይደለም፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሴት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ከሄደች ወዲያ የወላጆቿ ሐዘን የሌላ ቤት ሐዘን ነው ብለው ነው። ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አሥራ አራት ሰው ይህንኑ ሊጠይቃት መጥቶ፣ አሥራ አራቱንም «ዝርዝሩ ላይ የለም» ብላ ሸኝታቸዋለች።

ሚንቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ገብቶ፣ አጎንብሶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ኃላፊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አያቴ ሞታብኝ ነው። የእናቴ እናት ናት። ትናንት ማታ፣ ሚርያንግ ከተማ።»

«ያጽናህ። ተቀመጥ እስቲ። ወንድ ልጅ የላትም?»

«የላትም። እናቴን ብቻ ነው የወለደችው። እናቴ ደግሞ ስምንት ዓመቴ ላይ ሞተች።»

«አባትህስ?»

«እሱን እኔም አላውቀው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጎመን እየሸጠች።»

ያንግሚ እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳች። «ታዲያ አሁን እዚያ ማን አለ?»

«አጠገቧ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ እሳቸውን አስቀምጬ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ። ትናንት ለአለቃ ስደውልለት ‹ጠዋት መጥተህ ጠይቅ› አለኝ። አሁን እንግዳ ቢመጣ አጸፋውን የሚሰግድ ሐዘንተኛ የለም። አዳራሹ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ‹ዋናው ሐዘንተኛ ማን ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ ስላቸው ‹ታዲያ ወዴት ትሄዳለህ?› አሉኝ።» ትንሽ አሰበና «አስከሬኑ የሚወጣው ነገ ጠዋት ነው» ሲል ጨመረ።

ያንግሚ የምትለውን ታውቅ ነበርና አለችው። የእናት እናት ዝርዝሩ ላይ እንደሌለች፣ የዓመት ፈቃድ ከተባለም የሚሰጠው አለቃ ኩክ እንደሆነ፣ ኩክም ሐሙስ የሚወጣ ጭነት እንዳለበትና ከአራቱ ሠራተኞቹ የአንዱ ጣት ተሰብሮ ቤቱ እንደተኛ ነገረችው። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። በዘጠኝ ዓመት የተለመደ ድምፅ ነው። ቢቆጣ፣ ጠረጴዛውን ቢመታ፣ «እናንተ ሰዎች አይደላችሁም?» ቢላት ደስ ባላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላትና። ሚንቴ ግን ከወንበሩ ተነስቶ አጎነበሰና «ገባኝ። አስቸገርኩዎት» ብሎ ወጣ።

በመስኮቱ ሲሄድ አየችው። ግቢውን እያቋረጠ ከጃኬቱ ኪስ ጓንቱን አወጣ፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አጠለቀና ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ማሽን ብቻ ነበር የሚጮኸው። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛው ተነሳ። ያንግሚ ሻይዋን አልቀመሰችም። በዚያች ደቂቃ ሚርያንግ ውስጥ አንዲትን አሮጊት፣ ፎቶግራፏ አበባ መሐል ተቀምጦ፣ አጠገቧ የሚቆምላት ዘር ጠፍቶ፣ አንዲት የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ብቻ ትጠብቃታለች። የልጅ ልጇ ደግሞ የመኪና በር ማጠፊያ ይመታል።

እሷም የእናት እናት ነበረቻት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ማክሰኞ ቀን ሞተች። ያንግሚ ያኔ እዚሁ ቢሮ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበር የምትሠራው። አትሂጂ ያላት የለም። ማንንም አልጠየቀችም። ዝርዝሩን ከፍታ አየችው፤ አያቷ አልነበረችበትም፤ ዘጋችውና ሥራዋን ቀጠለች። ቅዳሜ፣ ከቀብሩ በኋላ፣ ፖም ገዝታ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ በሩን ከፍታ «በላሽ?» ብቻ አለቻት። ሩዝና ሾርባ አቀረበችላት፤ ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ አየቻት፤ ሳህኑን አነሳች። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ስለዚያ ሳምንት በመካከላቸው አንድ ቃል አልወጣም። ብትሰድባት ይሻል ነበር፤ ስድብ ይረሳል።

ሦስት ሰዓት ላይ ያንግሚ ቅጹን ከፈተች። የሟች ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ የሚጠይቀው የሠራተኛውን ስምና ዝምድናውን ነው። ኦክ ሚንቴ ብላ ጻፈች። ዝርዝሩን አወረደችና «የአባት እናት» የሚለው ላይ ነካች። ለሚርያንግ አበባ ሻጭ ደወለችና ጉንጉኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያቆም አዘዘችው። ካርቶኑን ወደዚያው በሚሄድ የፋብሪካው መኪና ጫነችው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማ በኮምፒዩተሩ ተመለሰ፤ ለሚንቴም ፈቃዱ መውጣቱን በስልክ ነገረችው። እሳቸው የሐዘን ቅጽ አያሳድሩም፤ ይህ ግን እውነት ለመናገር ያስመሰግናቸዋል።

ወዲያው ኩክ ደወለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽኝ? ልጁ ጓንቱን ጥሎልኝ ሄደ እኮ! የሦስት ቀን ፈቃድ ወጣልኝ አለኝ። የእናቱ እናት አይደለችም እንዴ?»

«ተፈቅዷል፣ አለቃ ኩክ። ፊርማው አለ።»

ከጀርባው ማሽኑ ይመታል። «የእኔዋ ስትሞት ሥራዬን ጨርሼ ነው የሄድኩት» አለ ኩክ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ስደርስ ሳጥኑ ተቸንክሮ ነበር። በቃ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ማሽኑን ራሴ እይዘዋለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሚያውቅ አልነበረም። ያንግሚ ያላሰበችው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ዋና ሥራ አስኪያጅ ባንግ የሚናገሩትን የሚያምኑ ሰው መሆናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ኃላፊ ታክ፣ ይኼ የመጭመቂያ ክፍሉ ልጅ፣ አያቱ ሚርያንግ ናቸው ያረፉት አይደል? እኔም ዛሬ ከሰዓት ለጎሳችን ስብሰባ ወደዚያው ነኝ። መንገዴ ነው፤ ገብቼ ልስገድላቸው። ብቻዬን ከምሄድ አንቺም አብረሽኝ ነይ፤ ልጁ ደስ ይለዋል።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ እንኳ ባይደክሙ…»

«ምን ድካም አለው? የሠራተኛዬ ቅድመ አያቶች የእኔም ናቸው።»

ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል? ያንግሚ ቤት ደወለች። አማቷ ስልኩን ሲያነሱ ከኋላቸው የሚፈላ ዘይት ይሰማል። የዋና ሥራ አስኪያጁን ትእዛዝ፣ የሚርያንግን መንገድ፣ እስከ ማታ እንደማትደርስ ነገረቻቸው።

«ማን ሞቶ ነው?»

«የአንድ ሠራተኛ ሴት አያት፣ እማማ።»

«የወንድ ልጇ ልጅ ነው?»

«የሴት ልጇ ነው። ሌላ ሰው የላትም።»

ዘይቱ ይንጫጫል። ያንግሚ ዘለፋውን ጠበቀች፤ ባል ሳለ፣ ቤት ሳለ፣ የቤቱ ሽማግሌ ቀን ሳለ የባዕድ ለቅሶ ይቀድማል ወይ የሚለውን። አማቷ የሴት ልጃቸውን ልጅ፣ እናቱ ሥራ ስትውል፣ ስድስት ዓመት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው። ያ ልጅ አሁን ሴኡል ነው፤ በበዓል በዓል ስልክ ይደውላል። ይህን ያንግሚ ያስታወሰችው ዘለፋው ሲዘገይ ነው።

«ዓሣውን እኔ እጠብሰዋለሁ» አሉ አማቷ፤ ዘጉት።

ባንግ መኪናቸውን ራሳቸው ነዱ። አለቃ ሲነዳ ከኋላ መቀመጥ ሾፌር ማድረግ ስለሆነ ያንግሚ ከፊት ተቀመጠች። ከተማውን እስኪያልፉ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ብረት ዋጋ፣ ስለ ዘንድሮው የጎመን መወደድ አወሩ። አንድ ራስ ጎመን አምስት ሺህ ዎን መግባቱን ከሚስታቸው ሰምተዋል። ዋሻውን ሲወጡ ሰውየው የሚወዱትን ወሬ ጀመሩ። የሚወዱት ወሬ የሰው የዘር ሐረግ ነው።

«ልጁ ኦክ ነው ስሙ። ኦኮች የዊርዮንግ ሰዎች ናቸው። ሚርያንግ ምን አመጣቸው?»

«እንጃ ጌታዬ፣ አልጠየቅኩትም።»

«እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አጥር ላጥር አውቀዋለሁ። ፓኩ አለ፣ ሶኑ አለ፣ የእኛው ባንግ አለ። ኦክ የሚባል ቤት ግን አላውቅም። የአባቱ አባት ምን ይሠሩ ነበር?»

ያንግሚ ቀበቶዋን አላላች። «እሱንም አልጠየቅኩትም።»

ባንግ መልሰው አልጠየቁም። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ስለ ነገው አየር ይናገር ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። ያንግሚ ሦስት ጊዜ አፏን ልትከፍት አሰበች። ከተናገረች መኪናው ይዞራል፤ ካልተናገረች ደግሞ ሰውየው ራሳቸው ያዩታል፤ ሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ ሚንቴ አያቱ አጠገብ የሚቆምበት ሰዓት ብዛት ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም አለች።

የሐዘን አዳራሹ ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነው። በየክፍሉ በር ላይ የሟችንና የሐዘንተኞችን ስም የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። በሌሎቹ ክፍሎች በር ግራና ቀኝ አበባ እስከ ደረጃው ተሰልፏል፤ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ የጎሳ ማኅበር። በአራተኛው ክፍል በር ላይ አንድ ብቻ ቆሟል። ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከላይ በተንጠለጠለው ነጭ ጨርቅ ላይ የድርጅቱ ስም፣ ከሥሩም «ዋና ሥራ አስኪያጅ ባንግ ዴሆ» የሚል ተጽፎበታል። ባንግ ስማቸውን አዩት። ቀጥለው ሰሌዳውን አነበቡ። ሟች፦ ፕዮ ማክሬ፣ ሰማንያ አራት ዓመት። ወንድ ልጅ፦ ባዶ። ሴት ልጅ፦ ባዶ። የሴት ልጅ ልጅ፦ ኦክ ሚንቴ።

መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና ደግመው አነበቡት። ያንግሚ ወለሉን አየች። መመለስ ይችሉ ነበር፤ ለመመለስም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አድርገው ነበር። ነገር ግን ከውስጥ የተቀመጡት ሴቶች አይተዋቸው ተነሥተዋል፣ ሚንቴም ከፎቶግራፉ አጠገብ ቆሞ አይቷቸዋል። ሰውየው ጫማቸውን አወለቁ።

ሚንቴ አሁን ኮቱንም ለብሶ፣ ክንዱ ላይ የዋና ሐዘንተኛውን ምልክት አስሯል። ባንግ በፎቶግራፉ ፊት ሁለት ጊዜ ሰገዱ፤ ግንባራቸው ወለሉን ነካ፤ እንደሚገባው፣ ሳይቸኩሉ። ፎቶግራፉ ላይ ያለችው አሮጊት የፀሐይ ባርኔጣ አድርጋ ትስቃለች፤ ሌላ ፎቶግራፍ ያልነበራት ይመስላል። ቀጥለው ወደ ሚንቴ ዞረው አንድ ጊዜ ተሰጋገዱ። ልጁ ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጌታዬ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ አይፈቅዱልኝም ብዬ ነበር። የእናት ወገን ነው ይሉኛል ብዬ። ድርጅቱ አያቴን እንደ ቤተሰብ እንደሚቆጥራት አላውቅም ነበር። እድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።» ተንበርክኮ እንደገና ሰገደ።

ባንግ ክንዱን ይዘው አስነሡት። «የሚገባ ነገር ነው» አሉ።

ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴትዮ እጃቸውን ይዘው ወደ ምግቡ ጎተቷቸው። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ የድርጅቱ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ቀዩ የሥጋ ሾርባ በድርጅቱ ሳህን ቀርቧል። ሰባት ስምንት የገበያ ሴቶች በወፍራም የክረምት ሰደርያቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ነጋዴ ናቸውና ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ።

«ማክሬ ሆይ፣ ይኸው አለቃው ራሱ መጣልሽ! ጎመን ስትሸጪ የሚያይሽ አልነበረም፤ አሁን ባለ መነጽር ሰገደልሽ።»

«ይኼ ነው ድርጅት! ሰው የወለደው ሰው የሚመራው ነው።»

«እኔ አምስት ልጅ አለኝ» አሉ ባለ ነጭ ሽንኩርቷ፣ «ሦስቱ ወንድ። አንዳቸውም እንዲህ ያለ አበባ የሚልክ ጌታ የላቸውም። ጌታዬ፣ እኔንም ስሞት እርስዎ ጋ ይመዝግቡኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሚንቴም ፈገግ አለ። ባንግ ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ «በአንድ ሳህን አይቆምም» ተባሉና ሁለተኛ ቀረበላቸው፤ እሱንም ጠጡት።

ውጪ፣ መኪናው አጠገብ፣ ባንግ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆሙ። ጀንበር አዘቅዝቃለች፣ ይበርዳል።

«‹የአባት እናት› ብሎ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አያውቅም። አለቃ ኩክም አያውቅም።»

«ኩክ አያውቅም?» አሉ ባንግ። «ኩክ ሁሉን ያውቃል፤ ሆዱ ውስጥ ግን ምንም አያድርም። ስንት ዓመትሽ ነው እኔ ጋ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነጥብ ያልሳተች ሴት!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ ይቸግራል። አበባው በሬሳ ፊት ቆሟል፤ ስሜ ተንጠልጥሎበታል። ላስነሳው? ከሟች በር አበባ ያስነሣ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ። አበባውን ትቼ ልጁን ወደ ማሽኑ ልጥራው? በገዛ ስሜ ፊት ውሸታም ልሁን? ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጥቼ?»

«አይሆንም፣ ጌታዬ።»

«አይሆንም። ስለዚህ ሦስት ቀኑን ይቁም። ይህን ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ለልጁም ብዬ አይደለም፤ ለነውሩ ብዬ ነው። ደንቡም የሚቀየር እንዳይመስልሽ። ዛሬ ይቺን ብለቅ ነገ የእናት ወንድም፣ ከነገ ወዲያ የክርስትና አባት ትሉኛላችሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጥፋት ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። በእጅ ጽሑፍ። የታኅሣሡን እድገት ደግሞ እርሺው።»

«እሺ ጌታዬ።»

ወደ ጎሳ ስብሰባቸው ነዱ። ያንግሚን ባቡር ጣቢያ ድረስ ላድርስሽ አላሏትም። በእግሯ ሄደች፤ ሩቅ አልነበረም። በመንገዷ ላይ ገበያውን አለፈች። ከዝናብ መከላከያ ላስቲክ ሥር ሽንኩርት፣ የደረቀ ዓሣ፣ የጨው ጆንያ ተደርድሯል፤ በመካከሉ ሁለት ባዶ ቦታ አለ። አንደኛው ላይ ባለቤቷ ለቅሶ ስለሄደች ሸራ ተሸፍኖበታል። ሌላኛው ተጠርጎ ባዶውን ነው።

ባቡሩ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የጥፋት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዘገየውም፣ ለሰከረውም፣ ማሽን ለሰበረውም አሠራሩን እያሳየች ስታስጽፍ የኖረችው እሷ ናት። ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ የሆነው ይጻፋል። «እኔ ታክ ያንግሚ በዛሬው ቀን የሠራተኛ ኦክ ሚንቴን የእናት እናት የሆኑትን ወይዘሮ ፕዮ ማክሬን የአባት እናት አድርጌ መዝግቤአለሁ።» የማክሬን ስም ስትጽፍ በድርጅቱ ወረቀት ላይ የእናት እናት ስም ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አሰበች። ቀጥሎ ጥፋተኝነት ይታመናል። «ይህም ከደንቡ ውጪ በመሆኑ ድርጅቱንና ዋና ሥራ አስኪያጁን አሳስቻለሁ።» ይህም እውነት ነው፤ ጻፈችው። ሦስተኛው ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚጽፈው ነው፤ ስንቱን «እሱን ረስተሃል፣ ጨምርበት» ብላ መልሳለች። «ይህን የመሰለ ጥፋት ዳግመኛ ላለመፈጸም ቃል እገባለሁ።»

ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እድገቱ ቀርቷል፤ ሥራው ግን አለ። የሶል የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የቤቱ እዳ አለ፣ አማቷ ብቻቸውን የጠበሱት ዓሣ አለ። አንድ መስመር ናት። «ይህን የመሰለ» ብላ ጀመረች።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱ ከሒሳብ ክፍል ነው፤ ቹ ዳሄ የምትባል፣ ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ በሰላምታ እንኳ የምታፍር ልጅ ናት። ኩክ ማሽኑ ፊት ቆሞ ለማን እንደጮኸ እግዜር ይወቀው።

«ኃላፊ፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ዛሬ የሰማሁት እውነት ከሆነ ብዬ ነው። የእናቴ አባት ሆስፒታል ናቸው፤ ከዚህ ሳምንት አያልፉም ብለውናል። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጊዜው ሲደርስ ወደ እርስዎ ልምጣ?»

ያንግሚ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፈራች። ከዚያ «ነይ» ብላ ጻፈችና ላከችላት።

ወረቀቱ ላይ የጀመረቻቸውን ሁለት ቃላት ሰረዘቻቸው፤ በምትካቸው ምንም አልጻፈችም። ሥር ላይ ስሟን ጽፋ ማኅተሟን አተመች፤ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቻንግዎን ለመድረስ ሁለት ጣቢያ ቀርቷል።